ሐሙስ ቀን ሌባዋ እኔ ነበርኩ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ዕድሜ ልኳን ከሰዓት ጋር ስትጣላ ለኖረች ሴትዮ ሰዓት! ምን ይደረጋል፣ አመስግኜ ተቀበልኩ። አሁን ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ሳሎን ተሰቅሎ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እኔም ከሥሩ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። የጡረታ ወረቀቴ ገና ሦስት ማኅተም ይቀረዋል አሉኝ። እሱን ለሚመለከታቸው ትቼዋለሁ።

ጎረቤቶቼ "ሮማን፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?" ይሉኛል። እስከ ዛሬ "ኮምፒውተር" እያልኩ አሳልፌያቸዋለሁ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ሥራዬ ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር ማውጣት ነበር። እሱንም ቶሎ ማውጣት። የማይገመት መሆንና ቶሎ መውጣት እንደ አማትና ምራት ናቸው፣ አንድ ቤት ውስጥ ማስማማት ዕድሜ ይፈጃል። እኔ አንድ ጊዜ ለቶሎው አድልቼ በየነ የሚባል ሹፌር እንጀራውን አጣ። ይህን ወረቀት ያስያዘኝ የእሱ ነገር ነው።

አባቴ የባቡር ሰው ነበር። ከድሬዳዋ በሥራ መጥቶ እዚሁ ጅቡቲ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ፈረንሳይኛን በትምህርት ቤት፣ ሶማልኛን በሰፈር፣ አማርኛን በአባቴ ቁጣ ተማርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳው ወፍራም በረንዳው ሰፊ የሆነ የድሮ የፈረንሳይ ቤት ውስጥ፣ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ታይፒስትነት ነበር። የያኔው አለቃዬ ፈረንሳዊ ነበር፤ ከሲጋራውና ከሳሉ በቀር ብዙ አላስታውሰውም። አንድ ቀን ኮምፒውተር የሚባል ነገር በሣጥን መጣና ማን ይክፈተው ሲባል "ትንሿ ትክፈተው፣ ብታበላሸውም ለመቆጣት ትመቻለች" አለ። የኔ ሹመት እንግዲህ በዚህ መልክ መጣ።

አላበላሸሁትም። ያላበላሸሁት ግን በራሴ ጉብዝና አይደለም፣ ሙሴ ዳሂር ስለነበሩ ነው። "ሙሴ" እዚህ አገር "አቶ" እንደ ማለት ነው። ጅቡቲያዊ ሶማሌ ናቸው፤ ድሮ የስልክ ማዞሪያ ቴክኒሺያን ነበሩ፣ በኋላ የኛ ማሽኖች ኃላፊ ሆኑ። ከሐዲዱ ዳር ስላደጉ አማርኛቸው የድሬዳዋ ልጅ አማርኛ ነው። ማሽን ተበላሸ ወይም ዘገየ ሲባል ሌላው ሰው ሮጦ ቁልፍ መነካካት ይጀምራል። እሳቸው ግን የእጅ ሰዓታቸውን ይፈቱና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ወንበር ይስባሉ፣ ይቀመጣሉ። ምንም ሳይነኩ ሩብ ሰዓት ያያሉ።

"ልጄ" አሉኝ የመጀመሪያውን ሳምንት፣ "ሰውም ማሽንም ሲዘገይ ሰነፈ አትበይ። 'ማንን ነው የሚጠብቀው?' በይ። የሚጠብቀውን ካገኘሽው ሥራው አለቀ።"

ሌላው ልማዳቸው የሐሙስ ነበር። ከተማችን እኩለ ቀን ላይ ጫት ሲገባ ሥራ የሚባል ነገር ይረሳል፤ ሐሙስ ደግሞ ማግስቱ አርብ፣ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ቢሮው ጭር ይላል። እሳቸው ያን ጊዜ በሩን ይዘጉና "ዛሬ ሌባው እኔ ነኝ" ይላሉ። ሳምንቱን ሙሉ የሠራነውን ፕሮግራም አንድ ሰዓት ሙሉ ለመስረቅ እንሞክራለን። ያለ ፈቃድ ለመግባት፣ የሰው ወረቀት ለማውጣት፣ ያልተከፈተ በር ለማስከፈት። የሞከርነውን ሁሉ ባለፈ ወር የካሌንደር ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፈው በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ። "እርስዎ ለምን ጫት አይቅሙም?" ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። "ጥርስ የለኝም እንጂ፣ ወላሂ እኔም እዚያው ነበርኩ" አሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ካርቲየ 7 ቢስ ልጃቸው ቤት ሲገቡ ቆርቆሮውን ለኔ ሰጡኝ። እኔም ሁለት ዓመት ያህል ሐሙስን ሳላጓድል ብቻዬን ሌባ ሆንኩ።

አሁን ስለ ኮዱ ልናገር። በፊት ሹፌር ኮንቴይነር የሚያወጣው ማኅተም በተደረገበት ወረቀት ነበር። ያን ማኅተም ገበያ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ወረቀቱን ትተን ስምንት አሃዝ ያለው ኮድ አመጣን። ሹፌሩ መስኮት ላይ ይቀርባል፣ ጸሐፊው የመኪናውን ታርጋ ያስገባል፣ ማሽኑ ቁጥር ያወጣና በሹፌሩ ስልክ ብቻ ይልካል። ቁጥሩን ጸሐፊው እንኳ አያየውም። ሹፌሩ የዕቃ ግቢው በር ላይ ታርጋውንና ኮዱን ይናገራል፣ ኮንቴይነሩ ይጫንለታል፣ ኮዱም እዚያው ይሞታል። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኮራበትም ነበር።

ቁጥሩን የሚያወጣውን የፕሮግራሙን ክፍል "ዕጣ አውጪው" እንለው ነበር። ዕጣ አውጪ ሥራ ለመጀመር ዘር ይፈልጋል። ዘር የምንለው ማሽኑ ከዚህም ከዚያም የሚለቅመው፣ ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል ነገር ነው፦ ጣት ቁልፍ ላይ ያረፈበት ቅጽበት፣ ዲስኩ ሲዞር የዘገየባት ኢምንት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ሽርፍራፊ። እኔ በጻፍኩት ፕሮግራም ለያንዳንዱ ሹፌር አዲስ ዕጣ አውጪ ይፈጠራል፣ ያም በተራው አዲስ ዘር ይጠይቃል። አሮጌው ማሽን በዘር ተቸግሮ አያውቅም፤ ቢሮው መሐል ተቀምጦ ሁሉም ሲነካካው ይውል ስለነበር ዘር ሞልቶ ተርፎት ነበር።

ከዚያ አዲስ ማሽን ተገዛ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ተቀመጠ፣ የሚነካው ሰው የለም፣ ዲስኩም የማይዞር ዓይነት ሆነ። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ አሥር መኪናዎች ሽው ብለው ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ኮድ እስኪወጣ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ሰልፉ ከመስኮቱ እስከ መንገዱ ይደርሳል። የጅቡቲ ሙቀት በሐምሌ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ መንገር ከንቱ ነው። ጸሐፊዎቹም ጫት ሳይገባ ለመጨረስ ይነጫነጫሉ።

በየነን ያወቅሁት በዚያ ሰልፍ ነው። የናዝሬት ልጅ፣ ሽርጥ ያሸረጠ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የማይለየው፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት። ከዚህ መስመር በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም።

"እትዬ ሮማን" ይለኛል በመስኮቱ አጮልቆ፣ "ኮምፒውተርሽ ምጥ ይዞታል እንዴ? አዋላጅ ልጥራ?"

"አንተ ዝም በል! ያንተ ተሳቢ ዳገት ላይ ሲያቃስት እኔ መጥቼ አሽሟጥጬሃለሁ?"

"እሱማ ሸክም አለበት። ያንቺ ስምንት ቁጥር ነው የሚሸከመው።"

ሰልፉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ይበግናል።

አንድ ቀን እንደ ሙሴ ዳሂር ሰዓቴን ፈትቼ ተቀምጬ ሳይ ሰልፉ ድንገት ተንቀሳቀሰ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ኮድ ተከታትሎ ወጣ። ከዚያ ቆመ። ሮጬ ወደ ማሽኑ ክፍል ስሄድ ዘበኛው ጉሌድ ሙቀት ሸሽቶ ገብቶ ተቀምጧል። "ምን ነካህ? ምን ነካህ?" አልኩት። ሰውዬው ደነገጠ። "ኧረ ማዳም፣ አቧራውን በጨርቅ ጠረግሁ እንጂ!" ለካ ኪቦርዱን ሲወለውል ቁልፎቹ ይጫናሉ፣ ማሽኑም ከዚያ ዘር ይለቅማል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለሦስት ቀን ጉሌድ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ኪቦርዱን እንደ ፒያኖ ሲመታ ዋለ። ሹፌሮቹ ወሬው ደርሷቸው "ጉሌድ፣ ምታው!" እያሉ ከሰልፉ ይጮኹ ነበር።

ማሽኑ ማንን እንደሚጠብቅ አገኘሁ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ትክክለኛው መልስ አፍንጫዬ ሥር ነበር። ዕቁብ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ ስም ተጽፎ፣ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ተበጥብጦ የሚገባው መጀመሪያ ላይ አንዴ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ከቆርቆሮው ማውጣት ብቻ ነው። ዕጣ አውጪውንም ለያንዳንዱ ሹፌር እንደ አዲስ ከመፍጠር፣ ጠዋት በሩ ሳይከፈት አንዴ ፈጥሮ፣ ዘሩን አንዴ ጠብቆ፣ ቀኑን ሙሉ በእሱ መሥራት። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ግን ይህን አላደረግሁም። ዲሬክተሩ፣ ፈረንሳይ የተማረ ጅቡቲያዊ፣ ከበረንዳው ሰልፉን እያየ "ማዳም ሮማን፣ እስከ ሐሙስ" ብሎኛል። ካርቲየ 7 ቢስ የታክሲ መንገድ ነው፤ ሄጄ ሙሴ ዳሂርን መጠየቅ እችል ነበር። "ከሁለት ዓመት በኋላም ሳልጠይቃቸው አልሠራም እንዴ?" የሚል ኩራት ያዘኝ። እና ዘሩ ከጠፋ እኔው እሰጠዋለሁ አልኩ። ለያንዳንዱ አዲስ ዕጣ አውጪ የመኪናውን ታርጋና የሰዓቱን ደቂቃ ዘር አድርጌ አቀበልኩት። ከእጄ ከተቀበለ ሌላ አይለምንም። ሦስት መስመር ነበር የጻፍኩት። ሰልፉ በአንድ ጠዋት እልም አለ።

የምስጋና ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈልኝ። ዲሬክተሩ ኬክ አስመጣ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ሰዓቱም ያ ሰዓት። ሌባ መሆን በነበረብኝ ሰዓት ኬክ እየቆረስኩ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ደከመኝ። በሦስተኛው ደግሞ ረሳሁት።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት በየነ ኮዱን ከመስኮቱ ተቀበለና ምሳውን በልቶ ሊጭን ወደ ዕቃ ግቢው ሄደ። በሩ ላይ "አንተ እኮ ጭነህ ወጥተሃል" አሉት። ሳቀ። "እኔማ ይኸው እዚህ ነኝ፣ መኪናዬም ባዶዋን ከኋላዬ ቆማለች።" መዝገቡ ሲታይ በእሱ ታርጋና በእሱ ኮድ ሌላ ሰው ገብቶ ጎማ የሞላ ኮንቴይነር ጭኖ ወጥቷል። ታርጋ አስመስሎ መቀባት ለማንም ቀላል ነው። ኮዱ ግን ከበየነ ስልክ በቀር የትም አልሄደም። ስለዚህ ኮዱን የሸጠው ራሱ በየነ ነው ተባለ።

ዲሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ። ሁለት ፖሊሶች ተቀምጠዋል፣ በየነ ፎጣውን በእጁ ጨብጦ ቆሟል። እንዳየኝ ፊቱ ፈካ። "ይኸው እትዬ ሮማን መጣች! እሷ ትንገራችሁ፣ ማሽኑን የምታውቀው እሷ ናት።"

ዲሬክተሩ ጠየቀኝ፦ "ይህን ኮድ ከሹፌሩ በቀር ሌላ ሰው ሊያውቀው ይችላል?"

"አይቻልም" አልኩ።

አንዲት ቃል። ሰዓቴን አልፈታሁም፣ ወንበር አልሳብኩም። የሠራሁትን የማምን መስሎኝ ነበር፤ የማምነው ግን ያን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ደብዳቤ ነው። የበየነ ፊት ምን እንደሆነ አየሁ። "እንግዲያው አብጃለሁ ማለት ነው" አለ።

አራት ቀን አሰሩት። ሲፈቱት የመግቢያ ካርዱን ነጠቁት፣ መኪናውንም ባለቤቱ ለሌላ ሹፌር ሰጠው። በየነ ግን አገሩ አልገባም። የኛ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው አጥር ሥር፣ ጥላው በሚያርፍበት በኩል፣ በየቀኑ እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። "ካርዴ እስኪመለስ" ይላል ለጠየቀው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሙስ ሙሴ ዳሂር ቤት ሄድኩ። ለወሬ ነው የሄድኩት፣ ሌላ አልልም። "አንድ ሹፌር ኮዱን ሸጦ ጉድ አደረገን" አልኳቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ ዘሩን ከየት እንደማመጣ ጠየቁኝ፤ እንደ ጀግና ነገርኳቸው። ልጃቸው ያመጣችልንን ሻይ ቀዝቅዞ እስኪቀር አልነኩትም።

"ቆርቆሮው ውስጥ የመጨረሻው ሐሙስ የቱ ነው?" አሉኝ።

ከኬኩ በፊት የነበረው ሐሙስ መሆኑን ነገርኳቸው።

"ሂጂና ሌባ ሁኚ።"

ቀጥታ ወደ ቢሮ ተመለስኩ፤ ቀኑ ገና ነበር፣ ሰው የለም። በሩን ዘጋሁ። "ታርጋውን አውቃለሁ፣ ሰዓቱን አውቃለሁ፣ እንግዲህ ምን ይጎድለኛል?" አልኩ ለራሴ። ምንም አይጎድለኝም! ዘሩ አንድ ከሆነ የሚወጣውም ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ነው። አዳዲስ ጸሐፊዎች የሚለማመዱበት አንድ ገጽ ነበረን፤ ያው ዕጣ አውጪ ነው የሚሠራበት፣ ግን መዝገብ ላይ አይጽፍም፣ ስልክም አይልክም፣ ቁጥሩን እዚያው ያሳያል። በአንዱ ማሽን አንድ የፈጠራ ታርጋ ከስልኬ ጋር አስመዝግቤ በእውነተኛው ገጽ አስገባሁ፣ ስልኬ ጮኸ። በዚያው ደቂቃ ውስጥ በሌላው ማሽን በልምምዱ ገጽ ያንኑ ታርጋ አስገባሁ። ስልኬንና የልምምዱን ገጽ አስተያየሁ። ስምንቱም አሃዝ አንድ ነው። መስኮት ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ጸሐፊ የማንንም ሹፌር ኮድ ከሹፌሩ እኩል ማየት ይችል ነበር፣ በሩን የከፈትኩለት ደግሞ እኔ።

በነጋታው፣ አርብ ቀን ጠዋት፣ ቢሮ ገብቼ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ዕጣ አውጪው ማሽኑ ሲነሳ አንዴ ብቻ እንዲፈጠር፣ ዘሩን ከማሽኑ ራሱ እንዲለቅም፣ ሌላው ሁሉ በእሱ እንዲገለገል። በፊት ሦስት መስመር ጨምሬ ነበር፤ አሁን እነሱን ሰርዤ ዕጣ አውጪውን የምትፈጥረውን አንዷን መስመር በየሹፌሩ ከሚደጋገመው ክፍል ውስጥ ወደ ውጭ አወጣኋት። ፍጥነቱ ያው ሆነ፣ እንዲያውም በለጠ። የልምምዱን ገጽ ዘጋሁ። ፕሮግራሙን ለማስተካከል አንድ ጠዋት በቃኝ። አፌን ለማስተካከል ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።

ዘጠኝ ቀን! ዛሬም ስጽፈው ያሳፍረኛል። ምክንያት ሞልቶኝ ነበር፦ ከሥራ ያባርሩኛል፣ ዕድሜዬ ሄዷል፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ከነማዕረጓ ተዋረደች ይባላል፣ ለነገሩ ጉዳዩ በራሱ ጊዜ ይጣራል። በረንዳው ላይ ስወጣ በየነ ከአጥሩ ሥር ይታየኛል። በረንዳው ላይ መውጣት ተውኩ።

በአሥረኛው ቀን ሙሴ ዳሂር ያን ሁሉ ደረጃ በምርኩዝ ወጥተው መጡ። ሰላምታ አልሰጡኝም። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፣ ወንበር ሳቡ፣ ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ፊቴን ብቻ አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?"

አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

አሮጌውን ፕሮግራም በሌላ ማሽን ላይ አስነስቼ ለራሱ ለዲሬክተሩ አሳየሁት። በገዛ መኪናው ታርጋ ኮድ ላክሁለት፤ ስልኩን ሳያነሳ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ፊቱ አስቀመጥኩ። ስልኩንና ወረቀቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ አየና ክራቫቱን ፈታ አደረገ።

"አሁን ተስተካክሏል?"

"ተስተካክሏል፣ ሙሴ ዲሬክተር።"

"ታዲያ ለምን እናወራዋለን? ሥራሽን ታጪያለሽ እኮ።"

"ሰውየው ውጭ ተቀምጧል" አልኩ። "ያን ቀን አይቻልም ያልኩት እኔ ነኝ። ይቻላል የምለውም እኔው መሆን አለብኝ።"

ሁለት ገጽ በፈረንሳይኛ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ፣ አንዱን ቅጂ ለፖሊሶቹ አደረስኩ። ከመስኮቱ ጸሐፊዎች አንዱ ተያዘ፤ የልምምዱን ገጽ ነገር ያገኘው እንዲያው ሥራ ፈትቶ ሲነካካ ነው አሉ። እኔን አላባረሩኝም። ደመወዜን ቀንሰው ምድር ቤት የፋይል ክፍል አስገቡኝ፣ ሁለት ዓመት ከአይጥና ከብናኝ ጋር ኖርኩ። የበየነ ካርድ የተመለሰው ግን ከአራት ወር በኋላ ነው። መኪናው ተመልሶ አልመጣለትም። ያን የመሰለ ሹፌር አንድ ዓመት ሙሉ በሰው መኪና ረዳት ሆኖ ሠራ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ እያስገባ።

ደብዳቤውን የጻፍኩ ዕለት ወርጄ አጥሩ ሥር ሄጄ ነበር። "በየነ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ" አልኩት። ተቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ።

"ያን ቀን 'አይቻልም' ሲሉ ፊቴን አይተውት ነበር፣ ማዳም?"

"አይቼዋለሁ።"

"እሺ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "እትዬ" ቀረ፣ "አንቺ" ቀረ። ማዳም ሆንኩ፣ እርስዎ ሆንኩ። እንዲህ ያለ አክብሮት ከስድብ በላይ ያማል።

ከምድር ቤት ከወጣሁ በኋላ ያን ፕሮግራም መልሰው ለኔ ሰጡኝ፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ለያንዳንዱ መስኮት አንድ አንድ ዕጣ አውጪ አደረግሁ፣ እርስ በርስ እንዳይጠባበቁ። አዲሶቹ ማሽኖች አሁን ይህን የዘር ችግር ረስተውታል፣ ሲነሱ አንዴ ከጠገቡ ቀኑን ሙሉ አይራቡም። ሐሙስን ግን ከዚያ ወዲህ አላጎደልኩም። ሙሴ ዳሂር ያረፉበት ሳምንት እንኳ ከቀብር መልስ ሐሙስ ነበርና ገብቼ በሩን ዘግቼ ሌባ ሆኛለሁ። ሁለተኛው ቆርቆሮም ሞልቶ ሦስተኛ ገዛሁ።

በየነም ውሎ አድሮ የራሱን መሪ ጨበጠ። ኮድ ሊወስድ ሲመጣ ከመስኮቱ በፊት እኔ ጋ ይመጣል፣ በሩ ላይ ይቆማል።

"ማዳም፣ ሐሙስ ሞከሩ?"

"ሞከርኩ።"

"እና?"

"አልቻልኩም።"

"ይሁን" ይልና ሄዶ ኮዱን ይቀበላል። ስንት ዓመት እንዲህ ስንል ኖርን! ሌላ ወሬ የለንም። "አይቻልም" የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ፕሮግራም ተናግሬው አላውቅም።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ሐሙስ ሆነ። ሰዓቱን የሸለሙኝ ጠዋት ነው። ሥራዬን የምትረከበው ኢፍራህ የምትባል መሐንዲስ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ካርቲየ 3 ከኛ ሰዎች ጋር ስላደገች አማርኛ አሳምራ ትናገራለች። ቁልፉን አስረክቤያት ዕቃዬን ስሸክፍ በየነ በሩ ላይ መጣ። ጢሙ ሸብቷል፣ ፎጣው ግን እንዳለ ነው።

"ማዳም፣ ሐሙስ ሞከሩ?"

"በየነ፣ እኔ ዛሬ ጨረስኩ። ከእንግዲህ የምትጠይቀው እሷን ነው።"

ወደ ኢፍራህ ዞረ። አስተዋላት። "እመቤት፣ ይህን ኮድ ከኔ በቀር ሌላ ሰው ሊያውቀው ይችላል?"

ኢፍራህ ፈገግ አለች፣ ደረቷንም ነፋ አደረገች። "አይቻልም!"

እኔ የያዝኩትን ካርቶን መሬት አስቀመጥኩ። በየነ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው አግዳሚ ሄደ፣ ተቀመጠ።

"እንግዲያው እጠብቃለሁ" አለ።

ኢፍራህ ግራ ተጋብታ አየችኝ። "ማንን ነው የሚጠብቀው?"

የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት፣ ወንበሩን ሳብኩላት፣ ከቆርቆሮዎቹ አንዱን ከፍቼ ፊቷ አደረግሁ። "አንቺን" አልኳት። "ለአንድ ሰዓት ሌባ ሁኚ።"

በሩን ዘግቼላት ወጣሁና አግዳሚው ላይ ከበየነ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጫት ገብቶ ሕንፃው ጭር ሲል ሰማን። ሰዓቱ ሲሞላ ኢፍራህ ፀጉሯ ተንጨባርሮ፣ የካሌንደር ወረቀት በእጇ ይዛ ወጣች። ወረቀቱ ጀርባው በሙሉ ተጽፎበታል።

"ሞከርኩ" አለች፣ ቀስ ብላ። "አልቻልኩም።"

"ይሁን" አለ በየነ፣ ተነሥቶ ፎጣውን አንገቱ ላይ አስተካከለ። ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። ካርቶኔን ከመሬት አነሣው፣ ያ የግድግዳ ሰዓት ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ነይ እትዬ ሮማን" አለኝ። "ኮዴን ልቀበልና ቤትሽ ላድርስሽ።"